ኮረብታ ብዬ የሣልኩት ቦረቦር

አዳማ ውስጥ ድሮን ያለው ሰው ዘመድ አያጣም። ይህን ያወቅሁት መሥሪያ ቤታችን ድሮን ገዝቶ በእኔ እጅ ያስገባት ጊዜ ነው። ሙያዬ ቀያሽነት ነው። ከዚያ በፊት ባለሦስት እግር መሣሪያዬን ትከሻዬ ላይ አጋድሜ ስዞር ሰላም የሚለኝ የባጃጅ ሹፌር ብቻ ነበር፤ የእሱም ሰላምታ «የት ላድርስህ?» ነው። ድሮኗ ከመጣች ወዲህ ግን የአባትህ የአክስት ልጆች ነን የሚሉ ሰዎች ሠርግ ይጠሩኝ ጀመር። «ኧረ እኔ ተራራና ሸለቆ ነው የማነሣው» ስለው አንዱ «ምን ቸገረህ፣ የሙሽራው ቤትም ዳገት ላይ ነው» ብሎኛል።

ኩራቴ ግን በሠርጉ ሳይሆን በሥራዬ ነበር። አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መርፌ ላይ ክር ለማስገባት ሞክሩ። ክሩ አንዴ ከመርፌው ወዲህ፣ አንዴ ከመርፌው ወዲያ ይሄድባችኋል። ቅርብና ሩቁን የሚለየው ሁለት ዓይን ነው። የእኔም ድሮን አንዱን ቦታ ከዚህም ከዚያም ደጋግማ ታነሣዋለች፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ፎቶዎቹን አደራርቦ ዳገቱ የቱ፣ ቁልቁለቱ የቱ እንደሆነ ያወጣል። ፎቶግራሜትሪ ይባላል። ስሙን ለእናቴ ስነግራት «ውይ ልጄን! መድኃኒት አለው?» ብላኛለች።

ውጤቱን ብታዩት ግን እናንተም ትኮሩልኝ ነበር። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ከነቀለሙ ይታያል። ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተወረወረ አሮጌ ጫማ ይታያል። የመሬቱን ሞዴል ስክሪን ላይ እያገላበጥኩ ስመለከት አንዳንዴ ምሣ እረሳ ነበር። እኔ ደግሞ ምሣ የምረሳ ሰው አይደለሁም።

እንግዲህ በዚህ ኩራት ላይ እንዳለሁ ነው የመቂው ሥራ የመጣው።

ከመቂ ወጣ ብላ አንዲት መንደር አለች። ነዋሪዎቿ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታሉ። በበጋ ውሃውን በሞተር እየጎተቱ፣ እየለመኑ ነው ማሳ የሚያደርሱት፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ያው ውሃ ሳይጠሩት ቤት ድረስ ይመጣል። ከበላይ ካሉት ኮረብታዎች የሚወርደው ጎርፍ በየዓመቱ መንደሩን እየሰነጠቀ ያልፋል፤ ዶሮውንም፣ ድስቱንም፣ አጥሩንም ይዞ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ወረዳው ክረምቱ ሳይገባ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ለማስቆፈር ወሰነ። ጥያቄው ቦዩ በየት ይለፍ ነው። አንደኛው ሐሳብ በመንደሩ መሀል ቀጥ ብሎ ይውረድ የሚል ነበር። ይህ ከሆነ የአደ ዘይነባ፣ ማለትም የወይዘሮ ዘይነባ፣ ቤት ይፈርሳል።

አደ ዘይነባ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከቤታቸው ፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ስኳርና ሳሙና የሚሸጡ፣ አጭር ቁመት ያላቸው ሴትዮ ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ የፓፓያ ዛፎች አሉ። ሌላ መሬት የላቸውም።

ውሃ ወዴት እንደሚሄድ ለማወቅ የመሬቱን ቅርፅ ማወቅ ያስፈልጋል። ያንን የማውቀው ደግሞ እኔ ነኝ፤ ቢያንስ እንደዚያ ነበር የማስበው። አለቃችን ጠራኝና እንዲህ አለኝ፦

«ፎቶውን አንተ ታነሣለህ። በሌዘር ደግሞ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ሰዎች ይቃኛሉ። ሁለቱን አወዳድረን የተሻለውን ለዲዛይን እንወስዳለን።»

«በምን ሊሻል?» አልኩ።

«እሱን ነው የምናወዳድረው» አለና ወደ ስልኩ ተመለሰ።

ሚስት እንደመጣበት ሰው ሳይሆን ጣውንት እንደመጣባት ሴት ሆኜ ወጣሁ።

«የሚመጡ ሰዎች» የተባለችው አንዲት ልጅ ሆና ተገኘች። ሀዊ ትባላለች፤ የባቱ ልጅ ናት፤ ኢንጂነር። ከመኪናዋ ላይ እንደ ትንሽ ጠረጴዛ ሰፊ የሆነ ድሮን አወረደች፤ ሆዱ ሥር ጥቁር ሣጥን ተንጠልጥሏል። ከዚያ ወደ እኔ መጥታ እጇን እየዘረጋች «ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ?» አለችኝ።

ጋሼ! በሕይወቴ ጋሼ ብሎ የጠራኝ ሰው አልነበረም። ፀጉሬ የነጣው ከጆሮዬ በላይ ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን የአዳማ አቧራ ነው። ድሮኔን ከቦርሳዋ ሳወጣት ከእሷ ድሮን ጎን የጎረቤት ልጅ አስመሰለቻት።

«ይሄ ሣጥንሽ ምን ያደርጋል?» አልኳት፤ እንደማያውቅ ሳይሆን እንደሚፈትን ሰው ድምፄን ወፍራም አድርጌ።

«ወደ ታች የሌዘር ብርሃን ይተኩሳል፣ ጋሼ። ብርሃኑ አንድ ነገር ነክቶ ሲመለስ የፈጀበትን ጊዜ ለክቶ ርቀቱን ያወጣል። በአንዲት ሰከንድ እልፍ ጊዜ።»

«ቅጠል ላይ ቢያርፍስ?»

«አንዳንዱ ቅጠል ላይ ያርፋል። አንዳንዱ ግን በቅጠሎቹ መሀል ሾልኮ መሬት ይደርሳል። እኛ የምንፈልገው የሾለከውን ነው።»

«እኛ አገር የሚሾልክ ሌባ ነው» አልኳት። ሳቀች። ጨዋ ልጅ ናት፤ ቀልዱ ያን ያህል አልነበረም።

ሥራው የሚጀምረው ጨርቅ በመወጠር ነው። በየቦታው ነጭ ጨርቅ መሬት ላይ በሚስማር እንወጥርና መሀሉ የት ላይ እንደሆነ በመሣሪያ ለክተን እንይዛለን፤ ከሰማይ የተነሣው ሥዕል እነዚህን ጨርቆች ምልክት አድርጎ በትክክለኛ ቦታው ይቀመጣል። ሁለታችንም ስለሚያስፈልገን አብረን ወጠርን። ወጥረን ስንጨርስ ዞር ብዬ ባይ የመጀመሪያውን ጨርቅ ፍየል እየበላችው ነው። ተይ ብዬ ስሮጥ ጨርቁን ከነሚስማሩ ነቅላ ይዛው ሮጠች። ቀያሽ ሆናችሁ የማታውቁ ከሆነ ልንገራችሁ፤ የፍየል ትልቁ ችሎታ መሮጥ ሳይሆን እየሮጡ ማኘክ ነው።

ሁለተኛው ጨርቅ ደግሞ ጭራሽ ጠፋ። ፍየሏን ስረግም አንዲት አጭር ሴትዮ ጨርቁን በሁለት እጃቸው ይዘው መጡ። ታጥቧል። በካውያ ተተኩሷል። በአራት ታጥፏል።

«አካም ጅርቱ» አሉን። ሀዊ ከወገቧ ዝቅ ብላ በኦሮምኛ ሰላምታውን መለሰች፤ እኔም የምችለውን ያህል ተከተልኳት።

«ይህ የእናንተ ነው?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «አፈር ላይ ወድቆ አገኘሁት። እንደዚያ ሆኖ ለሰው አይመለስም ብዬ አጠብኩት።»

«እግዜር ይስጥልኝ እናቴ፤ ማን ልበል?»

«ዘይነባ ነኝ። ያ ቤት የእኔ ነው።» በእጃቸው ወደ ፓፓያዎቹ አመለከቱ። «ልታፈርሱት እንደመጣችሁ ሰምቻለሁ። ጨርቁ ግን ምን አጠፋ?»

ይህን ያሉት ሳይቆጡ ነው። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር፤ ለቁጣ መልስ አለኝ። ጨርቁን ተቀብዬ ቆምኩ። ሀዊ «ገለቶማ፣ አደ» ብላ አመሰገነቻቸው፤ ሴትዮዋም ወደ ሱቃቸው ተመለሱ። ያን ጨርቅ እንደገና መሬት ላይ በሚስማር ስመታው ንጹሕ አንሶላ ላይ በጫማ የቆምኩ ያህል ተሰማኝ።

በማግሥቱ ጠዋት በመጀመሪያ የበረርኩት እኔ ነበርኩ፤ ሀዊ «ታላቅ ይቅደም» አለችኛ! ለማረፊያ ምቹ ቦታ መርጬ፣ ከአስፋልቱ ዳር ካለ ገላጣ ሜዳ ላይ ድሮኗን አስነሣኋት። እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ወጣችና መንደሩን እንደ ገበሬ በትልም በትልም ታርሰው ጀመር። ቀና ብዬ እያየኋት በደስታ ማፏጨት ጀመርኩ። ደስታዬ ላይ ግን ጭልፊት መጣ። ከየት መጣ? የመጣበትን እሱ ያውቃል። ድሮኗን አንድ ጊዜ ዞራት፤ ሁለተኛ ዞራት፤ ከዚያ እግሩን ዘርግቶ ወረደባት። እኔ ከታች በመቆጣጠሪያው ሳሸሻት፣ እሱ ከላይ ሲያባርራት፣ ባትሪዋ ሊያልቅ ደረሰ። እንዲህ ሲሆን ድሮን የሰውን ትእዛዝ ትታ የተነሣችበትን ቦታ ፈልጋ ራሷ ትመለሳለች። እኔም «ተመስገን» ብዬ ከጭልፊቱ ጋር በዓይን ስነታረክ ወደ ሜዳው አልዞርኩም።

ስዞር በሜዳው ላይ ሽንኩርት የጫነ የጭነት መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ለካ ሸራውን ሊያስር ቆም ብሎ ነበር። ድሮኔ የተነሣችባትን ነጥብ አልሳተችም፤ ጆንያዎቹ አናት ላይ ቀስ ብላ አረፈች። ላጨበጭብ ምንም አልቀረኝም። ያን ጊዜ መኪናው ተንቀሳቀሰና ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

ሰዎች በኋላ «ድሮንህ ተሳስታ መኪና ላይ አረፈች» ይሉኛል። አልተሳሳተችም። ያልኳት ቦታ ነው ያረፈችው፤ የሄደው ቦታው ነው።

ባጃጅ አስቁሜ ዘልዬ ገባሁ። «ያን ሽንኩርት ተከተል!» አልኩ። ሹፌሩ ዕድሜውን ሙሉ ይህን ትእዛዝ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ጋቢናው ውስጥ ተስተካከለ። ባጃጅ የጭነት መኪና አይደርስበትም ያላችሁ ሰው ካለ የመቂን ባጃጅ አያውቅም፤ በርግጥ እኛም የደረስንበት እሱ ዓለም ጤና ከተማ ላይ ሻይ ሊጠጣ ቆሞ ነው።

«ወንድም» አልኩት ለመኪናው ሹፌር እያለከለክሁ፣ «ሽንኩርትህ ላይ ድሮን አርፋብሃለች።»

ብርጭቆውን ከአፉ ሳያወርድ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «እኔ ሽንኩርቴ ላይ ሲያርፍ የማውቀው ደላላ ብቻ ነው» አለ።

ምዬ ተገዝቼ ጆንያው ላይ ወጣሁ። ድሮኔ በሁለት ጆንያ መሀል ተቀርቅራ፣ ካሜራዋ ወደ ሰማይ አንጋጣ ተገኘች። ምንም አልሆነችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ቦርሳዋን ስከፍት ዓይኔ ያለቅሳል።

ሀዊ እኔ ዓለም ጤና ሳለሁ በርራ፣ ጨርሳ፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብላ ብርቱካን ትልጥ ነበር። ጭልፊቱስ? «መጥቶ ነበር» አለች። «የድሮኑን ድምፅ ሰምቶ ተመለሰ።» ጭልፊት እንኳ ለሌዘር ያደላል ብዬ ባትሪ ቀይሬ ሥራዬን ጨረስኩ።

ከዚያ መቂ ውስጥ በተከራየናት ክፍል ኮምፒውተሮቻችንን ጎን ለጎን ከፈትን። የእኔ ላፕቶፕ ፎቶዎቹን ሲያደራርብ እንደ ወፍጮ እየጮኸ ዋለ። ሲጨርስ ግን፣ እናንተዬ፣ እንዴት ያለ መሬት ነው ያወጣው! ቲማቲሙ ቀይ፣ ሽንኩርቱ አረንጓዴ፣ የአደ ዘይነባ ሱቅ በር ላይ የተሰቀለው ሰማያዊ ጆግ ሳይቀር። ከቤታቸው ጀርባ ደግሞ ከላይ እስከ ታች የሚወርድ ረጅም አረንጓዴ ኮረብታ። ውሃው በኮምፒውተሩ ላይ ሲለቀቅ ያ ኮረብታ ይመልሰውና ቀጥ ብሎ በአደ ዘይነባ ቤት መሀል ያልፋል። መንገዱን በቀይ መስመር ሣልኩት። ስሥለው ደስ አላለኝም፤ ግን ውሃ ለሰው ፊት አያደላም ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

«የአንቺስ?» አልኳት።

የሀዊ ስክሪን አመድ ነው። ቀለም የለ፣ ቲማቲም የለ፣ ጆግ የለ። እልፍ አእላፍ ነጥቦች ብቻ፤ ጤፍ የተበተነ ይመስላል። ልስቅ ስል ፎቶዬን ከሥዕሏ ጋር አስተያየችው። በሽንኩርቱ ማሳ፣ በመንገዱ፣ በገላጣው ሁሉ ሁለታችን መንታ ነን፤ የጣት ውፍረት ያህል እንኳ ለመለያየት ተቸገርን። «የእርስዎ ጥሩ ሥራ ነው፣ ጋሼ» አለች፤ ከልቧ። ደረቴ ተነፋ።

«አሁን ቅጠሉን ላንሣ» አለችና አንድ ነገር ነካች።

ዛፉ ሁሉ ጠፋ። ግራሩ፣ ቁልቋሉ፣ ፓፓያው፣ ሐረጉ፣ አጥሩ፣ ጣሪያው። መሬቱ ጋቢውን ከላዩ እንዳወረደ ሽማግሌ በአጥንቱ ታየ። ሰዎች ከረሱት ብዙ ዘመን የሆነው የድሮ የእግር መንገድ በጎን ሲሄድ ታየ። የታረሰ ትልም ታየ። የምስጥ ኩይሳ እንኳ ለብቻው ብጉር ሆኖ ታየ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ መሬት ስለካ ኖሬ መሬት እንደዚህ ራቁቱን አይቼው አላውቅም ነበር፤ እጄ ሳላዝዘው ወደ ስክሪኑ ተዘረጋ። በመጨረሻ ደግሞ ከአደ ዘይነባ ቤት ጀርባ፣ እኔ ኮረብታ ባልኩበት ቦታ፣ አንድ ጥልቅ ቦረቦር እንደ ዘንዶ እየተጠማዘዘ ከላይ ከመንደሩ በታች እስካለው ረግረግ ድረስ ወረደ።

«ይሄ ስሕተት ነው» አልኩ።

«አይመስለኝም፣ ጋሼ። ቁጥቋጦው ከዳር እስከ ዳር ገጥሞ ስለሸፈነው ካሜራው አፈሩን አላገኘውም። ያየው የቁጥቋጦውን አናት ነው።»

«በዓይኔ ያየሁት ኮረብታ ነው!»

«ካሜራውም በዓይኑ ነው ያየው» አለች።

ልብ በሉ፤ እዚህ ላይ ብስማማ ይህ ወግ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ሰው ግን የሚወደውን ነገር ሲነኩበት ጆሮው ይደፈናል። «ነይ በእግር እንሂድና ላሳይሽ!» አልኩና የቦታን ከፍታ የሚያነብበውን መለኪያ ዘንጌን ይዤ ወጣሁ።

ከቁጥቋጦው ዳር ደረስን። ከውጭ ሲያዩት በእውነት ኮረብታ ነው፤ ግራርና ቁልቋል በሐረግ ተሳስሮ ክብ ጀርባ ሠርቷል። ሁካታዬን ሰምተው አደ ዘይነባም ከሱቃቸው ወጥተው ከኋላ ተከተሉን። «እዪ እንግዲህ» አልኩ ዞር ብዬ፣ «አሁን ዳገቱን መውጣት እጀምራለሁ።» ዘንጌን ወደ ፊት ሰደድኩ፤ ቅርንጫፉን ገለጥኩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ለመውጣት እግሬን አነሣሁ።

እግሬ ያረፈበትን ቦታ እስከ ዛሬ አላውቀውም፤ ምክንያቱም አላረፈም። በሐረግ ላይ ተንሸራትቼ፣ ከቁልቋል ጋር ተሳስሜ፣ የግራር እሾህ ሸሚዜን ወደ ኋላ ሲጎትተው እኔ ወደ ታች ቀጥዬ፣ ለስላሳ አሸዋ ላይ በመቀመጫዬ ዘጭ አልኩ። ከላዬ ቅጠሉ መልሶ ገጠመ። ኮረብታዬ ውስጥ ነኝ።

ከዚያ የሀዊ ድምፅ ከላይ መጣ።

«ጋሼ! ተጎዱ?»

«ደህና ነኝ» አልኩ ከእሾህ ጋር እየታገልኩ።

«ጋሼ... ይቅርታ... ዘንጉ እጅዎ ላይ ካለ ከፍታውን ያንብቡልኝ?» አለች።

አነበብኩላት። እኔ ቂም አልይዝም። የሌዘሩ ቁጥር እኔ ከተቀመጥኩበት አሸዋ ጋር ከመዳፍ ስፋት ባነሰ ልዩነት ገጠመ። ያን ጊዜ ነው ዙሪያዬን ያየሁት። ግድግዳው በውሃ ተልጎ ለስልሷል። ሥሮች ላይ የድሮ ጎርፍ ያመጣው ጭራሮ ተንጠልጥሏል። አሸዋው ማዕበል ማዕበል ሠርቷል። ከላይ ወደ ማሳ የሚወስድ መንገድ ሲሠራ አፉ ተደፍኖ፣ ሐረግ ውጦት ሰውም ስለረሳው እንጂ የውሃው የጥንት መንገድ ይህ ነበር። ይህን ሁሉ አንዲት የብርሃን ጭረት በቅጠል መሀል ሾልካ፣ ነክታ፣ ተመልሳ ተናግራለች። ደግሞ እንደ እኔ ሳትወድቅ! እዚያው አሸዋ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ መቀመጫዬ እየጠዘጠዘኝ፣ ያን ጥቁር ሣጥን ያሰበውን ሰው አደነቅሁት።

አደ ዘይነባ መሰላል አምጥተው ወደ ታች ሰደዱልኝ። ስወጣ ከፀጉሬ ላይ ቅጠል እየለቀሙ «ልጄ፣ ኮረብታውን አገኘኸው?» አሉኝ።

«ቤትዎ አይፈርስም» አልኳቸው።

እጃቸው ፀጉሬ ላይ እንዳለ ቆመ። «ወላሂ?»

«እንዲያውም ቤትዎን የሚያድነው ይኸው ጉድጓድ ነው፤ ውሃው በእሱ ይወርዳል።»

ነገሩ ግን በእኔ መውደቅ ብቻ አላበቃም። ሕዝቡ መስማማት ነበረበት። በነጋታው ትልቁ ግራር ሥር ስብሰባ ተጠራ። የጎርፍ ኮሚቴው ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ ናቸው፤ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ነገር የሚመዝኑ ሰው። ቁጥቋጦው በግጦሻቸው ውስጥ ስለሆነ ቦዩ በአደ ዘይነባ በኩል ቢሄድ ይመርጣሉ፤ ይህን ግን በአፋቸው አላሉም። ሀዊ አመዳም ሥዕሏን ስክሪን ላይ ከፈተች። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ አየ።

«ይሄ የት ነው?» አሉ ኦቦ ገመቹ።

«መንደራችሁ ነው።»

«ይሄ ጨረቃ ነው» አሉ። «እኛ እዚህ አንኖርም።»

ሳቁ ግራሩን አነቃነቀው። ሀዊ ነጥብ ብትል፣ ብርሃን ብትል፣ ሰሚ አጣች። ፊቷ ሲቀላ አየሁ። እውነቱን ይዞ የሚያምነው እንዳጣ ሰው የሚያሳዝን የለም። ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ።

«ቆይ» አልኳት፣ «ፎቶዬን ከላዩ እናልብሰው።»

ገባት። የእሷን መሬት ከሥር፣ የእኔን ፎቶ ከላይ አድርገን ከፈትነው። ቀለሙ ሲመጣ ስብሰባው ፈረሰ ማለት ይቻላል። «የኔ አህያ!» «ያቻት የኔ ቲማቲም!» «ማነው ጣሪያዬ ላይ ጫማ የጣለው?» ሁሉም ቤቱን አገኘ። ሁሉም ቤቱን ካገኘ በኋላ ሀዊ ቀስ ብላ ፎቶውን ከቁጥቋጦው ላይ ብቻ ገፈፈችው፤ ቦረቦሩ ከሥሩ ብቅ አለ። ያን ጊዜ ማንም ጨረቃ ነው አላለም።

«አሁን ቦዩን በመሀል መንደር እንቆፍር እንበል» አለች ልጅቷ፤ ውሃውንም ለቀቀችው። ሰማያዊው መስመር በአደ ዘይነባ ቤት አልፎ፣ ሱቁን አልፎ፣ ወደ ታች ታጠፈና አንድ ሰፊ ቆርቆሮ ቤት በር ላይ ተኛ።

ኦቦ ገመቹ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አዞሩት። «ይሄ ቤት የማን ነው?» አሉ፤ እያወቁት።

«የእርስዎ፣ ኦቦ» አለች ሀዊ።

ሽማግሌው ቆሙና ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «እኔ» አሉ፣ «ይህን ሌዘር የሚባለውን ነገር ከመጀመሪያው አምኜበታለሁ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ በመቂ ገበያ ስለ ሌዘር የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ሾልኮ የመግባቱን ነገር ከሀዊ በተሻለ ያስረዳሉ።

የቦረቦሩ አፍ ተከፈተ፤ ወለሉ ተስተካከለ፤ መታጠፊያው ላይ ድንጋይ ተነጠፈ። ሀዊ ወደ አዲስ አበባ፣ እኔ ወደ አዳማ ተመለስን። በሰኔ ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ሳለሁ ስልኬ ጮኸ። አደ ዘይነባ ናቸው፤ ከኋላቸው ዝናቡ እየጮኸ።

«ቢሻን ዱፌራ! ውሃው መጥቷል! ና!»

በሞጆ በኩል ሚኒባስ ይዤ በረርኩ። መንገዱን ሙሉ የሠራነውን መሬት በልቤ እያገላበጥኩ፣ ነጥቦቹን አንድ በአንድ እየለመንኩ። ስደርስ ከቤታቸው ጀርባ ወፍጮ የመሰለ ድምፅ ይሰማል። ጎርፉ ቡናማ ሆኖ፣ ግንድ እያንከባለለ፣ በቦረቦሩ ውስጥ ይወርዳል። መንደሩ በሙሉ ዳሩ ላይ ተደርድሯል፤ ጃንጥላ ያለውም ጃንጥላውን ረስቶታል። መታጠፊያው ላይ አንድ ግንድ ተሰነቀረና ውሃው መነሣት ጀመረ፤ ወደ ፓፓያዎቹ ቀና አለ። ወጣቶቹ በረጃጅም እንጨት ገፉት፤ ግንዱ ዞረ፤ ተላቀቀ። ውሃው ዝቅ ብሎ መንገዱን ያዘና ወደ ረግረጉ ሄደ። አደ ዘይነባ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ።

ዝናቡ ሲያባራ እኔንና ኦቦ ገመቹን ቤት አስገቡን። አልጋቸው አራቱም እግሮቹ ሥር ብሎኬት ተደራርቦ ቆሟል፤ ጎርፍ ሌሊት ሲመጣ እንዳይነካቸው ባላቸው ሳይሞቱ የሠሩት ነው። ሴትዮዋ በበርጩማ ወጥተው እላዩ ሲቀመጡ እግራቸው በአየር ላይ ተንጠለጠለ።

«ይህን አውርዱልኝ» አሉ ተመልሰው ወርደው። «ደክሞኛል።»

ኦቦ ገመቹ በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል ያዝን። ከአራቱም እግሮች ሥር ብሎኬቱን አወጣን። አልጋው ወለሉ ላይ በእግሮቹ ቆመ። አደ ዘይነባ ጫፉ ላይ ተቀመጡ፤ ጫማቸውን አወለቁ፤ ሁለቱን እግሮቻቸውን አፈሩ ላይ አሳረፉ፤ ቁልቁልም አዩዋቸው።

ስልኬ ጮኸ። ሀዊ ናት።

«ጋሼ፣ ዝናብ ጥሏል አሉ፤ እንዴት ሆነ? ወረደ?»

«ወረደ» አልኳት።

«ጎርፉ?»

«አልጋው» አልኩ።